የዛላምበሳ ቤተሰቦች ትዝታ በአሻንጉሊት ቴአትር፦ በጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ ለረጂ ድርጅቶች በጋራ የምናቀርበው የአሻንጉሊት ቴአትር ዕቅድ ረቂቅ ስለተጠናቀቀ፣ ከመላኩ በፊት እያንዳንዳችሁ ያላችሁን ተቃውሞና ማሻሻያ በጽሑፍ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በቃል የተሰጠ አስተያየት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አከራክሮናልና አንዱ «ብያለሁ»፣ ሌላው «አልተባለም» እያለ ጊዜ ባናባክን ይሻላል።

የረቂቁ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ከዛላምበሳ የተፈናቀለ የአንድ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ፣ ማለትም አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ፣ ስለ አንድ ቤት የሚያስታውሱትን በስድስት አሻንጉሊቶች የሚያሳይ የ40 ደቂቃ ትርኢት እናዘጋጃለን። ለመግቢያው የጻፍሁት ታሪካዊ ዳራ እንደሚከተለው ነው። ዛላምበሳ ከዓዲግራት በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አስመራ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ከተጫረ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ዛላምበሳ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ ግንቦት 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ጦር እጅ ስለቆየች፣ ነዋሪዎቿ ሲመለሱ የጠበቃቸው በአብዛኛው ፍርስራሽ ነበር። የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የድንበር ኮሚሽኑም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ፤ ሆኖም ድንበሩ እስከ 2010 ዓ.ም. ማብቂያ ተዘግቶ ቆየ። ትርኢቱ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ ሲከፈትና ቤተሰቡ ከድንበሩ ማዶ፣ ኤርትራ ውስጥ ሰርሓ ካሉት ዘመዶቹ ጋር ሲገናኝ ያበቃል።

በተለይ ሦስት ነገሮች ላይ ምክር እፈልጋለሁ፦ ታሪኩ የማን እንደሆነ፣ ለምን በአሻንጉሊት እንደሚቀርብ፣ መጨረሻውም እዚያ መሆን ይገባው እንደሆነ።

የአሻንጉሊት ሥራ ክፍል ኃላፊ

ሁለተኛው ጥያቄ እኔን ስለሚመለከት በእርሱ እጀምራለሁ። በረቂቁ ላይ «አሻንጉሊት ለሕፃናትም ለአዋቂዎችም ማራኪ በመሆኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህ ይሰረዝልኝ። ማራኪነቱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ዘፈን ይበልጥ ይማርካል። እውነተኛውን ምክንያት ለመጻፍ የሌሎችን ልምድ ልጥቀስ። የደቡብ አፍሪካው ሃንድስፕሪንግ የአሻንጉሊት ቴአትር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ከአዘጋጁ ከዊልያም ኬንትሪጅ ጋር የአፓርታይድን ዘመን ግፍ ስለመረመረው የአገሪቱ እውነትና ዕርቅ ኮሚሽን አንድ ሥራ ሲያቀርብ፣ የምስክሮቹን ቃል የሚናገሩት ከእንጨት የተቀረጹ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ልጁን የተነጠቀ አባት የተናገረውን ተዋናይ ሲደግመው ተመልካቹ ሳያስበው የተዋናዩን ችሎታ መመዘን ይጀምራል፤ «አለቀሰ፣ አላለቀሰም» ይላል። አሻንጉሊቱ ግን እኔ ያ ሰው ነኝ ብሎ ለመሞገት አይችልም፤ እንጨት መሆኑ ለሁሉም የታየ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል። እኛም የምንሠራው በሕይወት ያሉ፣ በአዳራሹም ሊቀመጡ በሚችሉ ሰዎች ትዝታ ስለሆነ፣ ለዕቅዱ የሚያስፈልገን ምክንያት ይህ ነው።

በመጠን ረገድ፣ አንዳንድ አባላት እ.ኤ.አ. በ2021 ከቱርክ ጋዚያንቴፕ ተነሥታ እስከ እንግሊዝ ማንቸስተር እንደተጓዘችው እንደ አማል፣ ማለትም ሦስት ሜትር ተኩል እንደምትረዝመው ሶርያዊት ልጅ ያለ ግዙፍ አሻንጉሊት እንድንሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አልስማማም። የዚያች ልጅ ግዝፈት አደባባይ ላይ በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኛ ነገር የሚካሄደው ማጀት ውስጥ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት እመርጣለሁ። አንዱ ሰው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁንና ወገቡን፣ ሦስተኛው እግሩን ይይዛል። ይህም ማለት ትርኢቱ በትልልቅ አዳራሾች አይቀርብም፤ ከአሥረኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጠ ሰው የአያቲቱን ጣት ማየት አይችልም። ገንዘብ ያዣችን የትኬት ሽያጩን ዝቅ አድርገው እንዲያሰሉ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሙከራ የአያቲቱን ራስ በስፖንጅ ሠርቼ ነበር፤ ከመጠን በላይ ቀለለና አንቀሳቃሹ በተነፈሰ ቁጥር እንደ ወፍ ራስ ይነቃነቅ ጀመር፤ ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይዞርም። አሁን ራሱን በዋንዛ ቀርጬ፣ ውስጡን ቦርቡሬ፣ አንገቱን ከካላማዳሪ ቆርጬ ሠራሁት። ጎማው ራሱን ወደ ኋላ ስለሚስበው፣ አያቲቱ ወደ ሰው ለመዞር ትንሽ ትግል ይኖርባታል። ከአንቀሳቃሾቹ አንዱ ያንን ትግል ሲያይ «እናቴ ናት» አለ። ፊቷ ግን ገና ነው፤ አፏ አይከፈትም፤ እንዲከፈትም አላደርግም።

መዘንጋት የሌለበት ሌላም ነገር አለ። በቋንቋችን «የእገሌ አሻንጉሊት» ማለት ስድብ ነው፤ ድንበር በተነሣበት ንግግር ደግሞ ሁለቱም ወገን ሌላውን የጠራበት ስድብ ነው። ማስታወቂያው ላይ ስሙን እንዴት እንደምንጽፍ ይታሰብበት። በትግርኛ ባምቡላ የሚለው ቃል ይህ ጠባሳ የለበትም።

ከዓዲግራት ቤተሰብ የሆነች አባል

ረቂቁን አንብቤ ብዙው አስደስቶኛል፤ ሆኖም «ቤተሰቡ የሚያስታውሰው» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። የእኛ ቤተሰብ አንድ ነገር አያስታውስም። እናቴ በ1990 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ ከዛላምበሳ ስንወጣ የሲንገር ስፌት መኪናዋን ጓሮ ውስጥ፣ በበለሱ አጥር ሥር ቀብራዋለች ትላለች። አክስቴ ደግሞ መኪናው ከዚያ በፊት፣ ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ የናቅፋን ገንዘብ ካወጣች በኋላ ንግዱ ሲታወክ፣ ለዕዳ እንደተሸጠ ትምላለች። ሁለቱ በዚህ የተነሣ በአንድ የለቅሶ ቤት ሳይነጋገሩ ውለው ያውቃሉ። በ1992 ዓ.ም. አጎቴ ተመልሶ ጓሮውን ሲቆፍር ያገኘው የቆርቆሮ ስብርባሪ ብቻ ነበር፤ ይህም ለሁለቱም ማስረጃ ሆነላቸው።

ስለዚህ የጋራ ዕቅዱ «የጠፋውን ትዝታ ማዳን» ከሚል ይልቅ ትዝታው የተጣላበትን ቦታ ማሳየት ዓላማው ይሁን እላለሁ። ሦስት ሰው አንድ አሻንጉሊት የሚይዝ ከሆነ፣ ይህ ለእኛ ታሪክ የተፈጠረ ይመስላል፤ የእናቴን ትዝታ የያዘው እጅ መኪናዋን ወደ ጓሮ ሲጎትት፣ የአክስቴን የያዘው ወደ በር ይጎትታት። ተመልካቹ ማን እውነት እንደተናገረ እንዲያውቅ አንፈልግም፤ እኔም አላውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞዬ በቋንቋው ላይ ነው። ረቂቁ ሁሉም ገጸ ባሕርያት በአማርኛ እንዲናገሩ ያደርጋል። አያቴ ትግርኛ ተናጋሪ ነበረች፤ ከኢሮብ ለሚመጡት ደንበኞቿ በሳሆ ሒሳብ ትቆጥር ነበር፤ አማርኛን የምትጠቀመው ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር። ሁሉንም በአማርኛ ካደረግነው የድንበሩን ሰው ከራሱ አፍ እናፈናቅለዋለን። አሻንጉሊቷ የማትናገር ከሆነ ደግሞ ድምፁ ከአንቀሳቃሾቹ ይምጣ፤ አንዱ በትግርኛ፣ አንዱ በሳሆ፣ አንዱ በአማርኛ።

ስለ መጨረሻውም አጥብቄ እናገራለሁ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እኔ ራሴ ዛላምበሳ ነበርሁ፤ ሰው ሲተቃቀፍ አቧራው እንደ ጭስ ይታይ ነበር፤ ያንን ቀን ማንም ከእኔ አይወስድብኝም። ነገር ግን መተላለፊያው ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ዳግም የጦር ሜዳ ሆነች፤ ብዙ ሰውም እንደ ገና ወደ ዓዲግራት ተሰደደ። በመተቃቀፍ ብንጨርስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለሚቀመጡት ሰዎች ውሸት ነው። ፈጽሞ ብናስቀረውም ውሸት ነው። ስለዚህ መካከል ላይ እናድርገው፤ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ድንበሩ ይከፈት፤ ትርኢቱም ከዚያ በኋላ ይቀጥል።

ከወጣት አባላት አንዱ

እኅታችን ባነሣችው ሐሳብ ላይ የምጨምረው አለኝ፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁን ደስ ላያሰኝ ይችላል። የእኔ ቤተሰብ ዛላምበሳን አያውቃትም። አያቴ የኤርትራ ተወላጅ ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ የነበረው ሰው ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ከቤት ተወስዶ በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተላከ፤ ሴት አያቴ ግን ኢትዮጵያዊት ስለነበረች ከልጆቿ ጋር ቀረች። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ በዚያ ጦርነት ጊዜ ከኢትዮጵያ የተባረሩት የኤርትራ ተወላጆች ወደ 75,000፣ ከኤርትራ የተባረሩትና የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደ 70,000 እንደሚሆኑ ግምቱን አስፍሯል። ድንበሩ ለእኛ ሄደን ያየነው ቦታ አይደለም፤ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ አልጋውን ለሁለት የከፈለ ነገር ነው። ዕቅዱ «የድንበር ማኅበረሰብ» ሲል እኛን ያካትታል ወይስ አያካትትም?

ካካተተ፣ የማቀርበው ቁሳቁስ አለኝ። ስልክ በተቋረጠባቸው ዓመታት አያቶቼ የሚጻጻፉት በቀይ መስቀል መልእክት ነበር፤ እነዚህ ወረቀቶች ቤታችን አሉ። መልእክቱ አንድ ገጽ ቅጽ ነው፤ አይታሸግም፤ የሚጻፍበትም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። በረቂቁ አራተኛ ትዕይንት ላይ የጽሑፍ ክፍሉ ያዘጋጀው ደብዳቤ «ቤታችን ፈርሷል፣ ልባችንም ከእርሱ ጋር ፈርሷል» ይላል። ይቅርታ ይደረግልኝና ማንም እንዲህ አልጻፈም። የእኛዎቹ አሰልቺ ናቸው፤ እገሌ አገባ፣ እገሊት ወለደች፣ የልጁ ጥርስ ወጣ፣ ሁላችንም ደኅና ነን። የአያቴ የመጨረሻው መልእክት ስለ አንድ የፍሬን ሸራ ይጠይቃል፤ መደርደሪያ ላይ ትቶት የሄደው ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ስልክ ሲከፈት አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የማያውቁትን የአስመራ ቁጥር እየደወሉ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፤ እኛ የምንደውልለት ሰው ግን አልነበረም።

ገንዘብ ያዥ

ባጭሩ እጽፋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችን ከጠቅላላው ከመቶ 20 መብለጥ አይችልም፤ ረቂቁ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተያዘው መደብ ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ልዩ ልዩ ማለት ምን እንደሆነ ጸሐፊያችን ይዘርዝሩልኝ። ከሙያ ክፍሉ ጋር ተነጋግረን የሙዚቃ ቡድኑን ከዕቅዱ አውጥተነዋል፤ አንድ ክራር ይበቃል። አንቀሳቃሾች ግን ከሦስት ወር ልምምድ በታች ሊሆኑ እንደማይችሉ ስለተረዳሁ ያንን መደብ አልነካሁትም። የትኬት ገቢውንም ዜሮ አድርጌዋለሁ፤ የተፈናቀለን ሰው የራሱን ታሪክ እንዲያይ ገንዘብ መጠየቅ አይገባም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

«ልዩ ልዩ» ማለት እኔ ያላሰብሁት ነገር ሁሉ ማለት ነበር፤ እዘረዝረዋለሁ።

የሦስታችሁን አስተያየት ተቀብዬ ረቂቁን በሚከተለው አኳኋን አሻሽያለሁ። «ትዝታን ማዳን» የሚለው ወጥቷል። «የድንበር ማኅበረሰብ» የሚለው «በድንበሩ መዘጋት ቤታቸው የተከፈለባቸው ቤተሰቦች» በሚለው ተተክቷል፤ ይህም የዛላምበሳውንም የአዲስ አበባውንም ይይዛል። የሁለቱን ቤተሰብ ታሪክ ወደ አንድ ልብ ወለድ ቤተሰብ መቀላቀሉን ግን ትቼዋለሁ፤ አንደኛዋ ዕቃ ቀብራ፣ ሌላው በአውቶቡስ ተወስዶ፣ ሁሉ መከራ በአንድ ቤት ላይ ከወረደ ተመልካቹ ተረት ነው ይላል። ሁለት ጠረጴዛዎች ይሁኑ፣ አሻንጉሊቶቹም አይገናኙ። ቀናቱና ስምምነቶቹ በመግቢያ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይቀራሉ፤ መድረክ ላይ ማንም «አልጀርስ» የሚል ቃል አይናገርም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። የቤተሰቦቹ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰዳል ብያለሁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን ለማንሣት እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ማንኛውም ቤተሰብ ትርኢቱ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በዝግ አይቶ ሐሳቡን ለመለወጥ እንዲችል ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህን የሙያ ክፍሉ ይቀበላል?

የአሻንጉሊት ሥራ ክፍል ኃላፊ

በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ የሦስት ወር ሥራ በአንድ ምሽት ሊወድቅ ነውና። አስቤበት ግን ለቴአትሩ እንደሚጠቅም ተረዳሁ። ማንኛውም ትዕይንት ሊወጣ የሚችል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ትዕይንት ያለ ሌላው መቆም አለበት፤ ማለትም አንዱ ሌላውን የሚያስረዳ ንግግር ሊኖር አይችልም። የወጣው ትዕይንት ቦታ ደግሞ አይሞላ። አንቀሳቃሾቹ አሻንጉሊቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አንሥተው፣ ትዕይንቱ ይወስድ የነበረውን ጊዜ ያህል በዝምታ ይቁሙ። ቤተሰቡ እንዳይነገር የመረጠው ነገር እንዳለ ይታወቅ፤ ምን እንደሆነ ግን አይታወቅ። ይህን በዕቅዱ ላይ እንደ አሠራር መርሕ ጻፉልኝ።

አንድ ጥያቄ ለአደይ፣ ለአረጋዊቷ አባላችን፣ አለኝ። በመጀመሪያው ትዕይንት አያቲቱ እንጀራ ስትጋግር ትታያለች፤ ሆኖም በዚህ መጠን ምጣድ ላይ የሚዞር እጅ መሥራት አልቻልሁም፤ ክንዷ ሁልጊዜ ይጠላለፋል። እንዴት ላድርገው?

ከአረጋውያን አባላት አንዷ (በልጅ ልጃቸው እጅ የተጻፈ)

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አስነብቤ ሰማሁ። እንጀራውን ተዉት፤ እንጀራ የትም ቤት አለ። የእኛ ቤት መሆኑ የሚታወቀው በጥሕሎ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውኃ ጠንከር ብሎ ይታሻል፤ ከዚያ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ትንንሽ ኳስ ይሆናል፤ ጫፉ ሹካ በሆነ እንጨት እየተወጋ በወጥ ይበላል። ይህ ለአንቺ አሻንጉሊት ክንድ አያስፈልገውም፤ መዳፍ ብቻ ነው የሚሠራው። አንዲት ሴት ጥሕሎ ስታድቦለብል ደግሞ ቀና ብላ አታይም፤ በእጇ እየቆጠረች በአፏ ሰው ታናግራለች፤ ለስንት ሰው እንዳዘጋጀች ከኳሱ ይታወቃል። በ1990 ከቤት ስንወጣ ገበቴው ላይ ያለቀ ጥሕሎ ነበር። ለስንት ሰው እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ለእናንተ ግን አልናገርም፤ እዚያ ላይ ዝም የምትሉበትን አድርጉት።

ልጁ ስለ ደብዳቤው የተናገረው ልክ ነው። እኔም ወንድሜ ኤርትራ ውስጥ፣ ሰንዓፈ ስለነበር በዚያው ወረቀት ጽፌያለሁ። ቤቱ ፈረሰ ብዬ አልጻፍሁም። ላሟ ወለደች ብዬ ጻፍሁ፤ ስለ ቤቱ ምንም ሳልል ሳልፍ ወንድሜ ገባው፤ በመልሱ እርሱም ስለ ቤቱ አልጠየቀም። ስለዚህ ደብዳቤውን የምታነበው ልጅ ድምፅዋን እንዳታንቀጠቅጥ ንገሯት፤ እንደ ገበያ ዝርዝር ታንብበው።

አንቺ እጅ የምትሠሪው ልጅ፣ ቅዳሜ ከጥዋቱ ወደ ቤት ነይ፤ እንጨትሽንም ይዘሽ። ገብሱን እኔ ቆልቼ እጠብቅሻለሁ፤ እጄን እያየሽ ትቀርጪዋለሽ። አውራ ጣቴ በሪህ ስለታጠፈ እርሱን አትከተዪ፤ የያኔው ቀጥ ያለ ነበር።